መውጣቱ 25 ሰከንድ፣ መውረዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል፦ የበረሃ ሮኬት ቀን ሲብራራ

ጅማ ላይ ቀና ያለ ሰው ደመና ያያል፤ ዝቅ ያለ ደግሞ ቡና፣ ማሳና የቆርቆሮ ጣሪያ። ለትልቅ ሮኬት ሁለቱም አይመቹም። ደመናው ሮኬቱን ከዓይን ይሰውረዋል፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሰው አለ። በትርፍ ጊዜያቸው ትልልቅ ሮኬት የሚሠሩ ሰዎች በረሃ ፍለጋ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ከቦታዎቹ ስመ ጥሩው በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት ያለው የብላክ ሮክ በረሃ ነው። የደረቀ የጥንት ሐይቅ ወለል ሲሆን እንደ ምጣድ ለጥ ያለ፣ ዛፍም ጉብታም የሌለበት ሜዳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,190 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከጅማ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2004 "ጎ ፋስት" የተባለው ሮኬት ከዚያ ተነሥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመውጣት ጠፈር የደረሰ የመጀመሪያው የአማተር ሮኬት ሆኗል። በ2024 ደግሞ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሮኬት ከዚያው ሜዳ ወደ 143 ኪሎ ሜትር ወጥቷል።

እንዲህ ባለ በረሃ በሚደረግ የሮኬት ማስወንጨፍ ዝግጅት ላይ በተማሪነት ወይም በእንግድነት የመገኘት ዕድል የገጠመው ሰው መጀመሪያ ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ። ተመልካች የሚሄደው የሚወጣውን ለማየት ነው፤ አዘጋጆቹን የሚያሳስባቸው ግን የሚወርደው ነው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ሮኬት ሦስት ሺህ ሜትር ለመድረስ 25 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በአግባቡ ሲወርድ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ከዚህ በታች ያለው ሕግና ጥንቃቄ ሁሉ ከሞላ ጎደል ለእነዚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል የተሰናዳ ነው።

"ትልቅ" ስንል ምን ያህል ነው?

የሮኬት ሞተር የሚመደበው በጠቅላላ ግፊቱ ነው። የግፊቱ ኃይል በኒውተን ይለካል፤ በሚነድበት ሰከንድ ሲባዛ "ኒውተን ሰከንድ" የሚባል ቁጥር ይወጣል። ሞተሮች በፊደል ይጠራሉ፣ አንድ ፊደል በታለፈ ቁጥር ጣሪያው እጥፍ ይሆናል። ኤ እስከ 2.5፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10 እያለ ጂ ላይ 160 ይደርሳል። ከኤች ጀምሮ ያለው በሙሉ "ባለ ከፍተኛ ኃይል" ይባላል። የፊደሎቹ መቀራረብ ያዘናጋል፤ ኤች እና ኤል መካከል የአራት ፊደል ልዩነት ብቻ ነው ያለው፣ የኤል ጣሪያ ግን 5,120 ስለሆነ ከኤች 16 እጥፍ ነው።

ሞተሩ ላይ "ኤል850" ተብሎ ቢጻፍ ኤል ምድቡ፣ 850 ደግሞ አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው። ጠቅላላ ግፊቱ 3,400 ከሆነ 3,400 ለ850 ሲካፈል 4 ይመጣል፤ አራት ሰከንድ ይነዳል። ሮኬቱ ከዚያ በኋላ ያለ ሞተር፣ በያዘው ፍጥነት ብቻ ሃያ ሰከንድ ያህል ሽቅብ ይጓዛል። ብዙ ሰው ጭሱ ሲቆም ሮኬቱ ያለቀለት ይመስለውና ዓይኑን ይነቅላል። ከፍታውን አብዛኛውን የሚያገኘው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

እነዚህን ሞተሮች ማንም ገብቶ አይገዛም። አሜሪካ ውስጥ ማረጋገጫ የሚሰጡት ሁለት ድርጅቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው ብሔራዊ የሮኬት ማኅበርና በ1964 የተጀመረው ትሪፖሊ የሮኬት ማኅበር። አንደኛ ደረጃ ኤች እና አይ፣ ሁለተኛ ደረጃ ጄ፣ ኬ እና ኤል፣ ሦስተኛ ደረጃ ኤም፣ ኤን እና ኦ ሞተሮችን ያስጠቀማል። ለሁለተኛው የጽሑፍ ፈተና አለ። ለሦስተኛው ንድፉ ገና ሳይሠራ ልምድ ባላቸው ሰዎች ይመረመራል፣ ፓራሹት የሚያስወጣውም ኤሌክትሮኒክስ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካው። በሦስቱም ደረጃዎች ግን መሠረታዊው ፈተና ያው ነው፦ ራስህ የሠራኸው ሮኬት ወጥቶ፣ እንደገና ሊወነጨፍ በሚችል ይዞታ መመለስ አለበት። የቱንም ያህል ቢወጣ ተሰባብሮ ከወረደ አያሳልፍም።

ሞተሩ ውስጥ ያለው

ርችት አይደለም። ነዳጁ አሞኒየም ፐርክሎሬት የተባለ ኦክስጅን ሰጪ ጨው ከአሉሚኒየም ዱቄት ጋር በላስቲክ ተይዞ የደረቀ ጠጣር ነገር ነው፤ ሲነኩት እንደ ጫማ ሶል ይጠነክራል። መሐሉ ክፍት የሆነ ጥቅልል ነው፤ እሳቱ የሚነሣው ከውስጥ፣ ከላይኛው ጫፍ ነው። ተደጋግሞ የሚሞላው ዓይነት ሞተር የአሉሚኒየም ቀፎ፣ ቀፎውን ከሙቀት የሚከላከል የውስጥ ቱቦ፣ ሁለት ሦስት የነዳጅ ጥቅልል፣ ጭሱ የሚወጣበት ጠባብ አፍ፣ የላይና የታች ክዳን፣ ጋዝ እንዳያመልጥ ክፍተት የሚደፍኑ ጥቂት የላስቲክ ቀለበቶችም (ኦሪንጎች) አሉት።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከኦሪንግ ነው። ግራሶ ያልተቀባ፣ የተቆነጠጠ፣ ወይም ከሥሩ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የገባችበት ኦሪንግ ጋዙን ያሳልፋል፤ ያ ጋዝ ብረት የሚያቀልጥ ሙቀት ስላለው ቀፎውን በሰከንድ ክፍልፋይ ይበሳዋል። ስለዚህ ሞተር የሚገጣጠመው ነፋስና አቧራ ከሌለበት ቦታ ነው፤ ከመኪና ኮፈን ላይ አይገጣጠምም። ሁለተኛው አደጋ የተሰነጠቀ ነዳጅ ነው። የሚወጣው ጋዝ መጠን የሚወሰነው በሚነደው ገጽ ስፋት ስለሆነ አንድ ስንጥቅ አዲስ ገጽ ይከፍታል፣ ግፊቱ ይንራል፣ ሞተሩ ማስወንጨፊያው ላይ እንዳለ ይፈነዳል። ነዳጁ ከእጅ ወድቆ ከሆነ አለመጠቀም ነው፤ ዋጋው ያንገበግብ ይሆናል፣ ሮኬቱን ማጣት ግን ይብሳል።

ቀጥ ብሎ መሄድ

ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚሄደው የክብደት ማዕከሉ ከአየር ግፊት ማዕከሉ (አየሩ በአካሉ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከሚያማክልበት ነጥብ) ወደ አፍንጫው ሲቀድም ነው። ልኩ ከአካሉ ውፍረት አንድ እጥፍ እስከ ሁለት እጥፍ ነው፤ ሮኬቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ቢወፍር በሁለቱ ማዕከሎች መካከል ከአሥር እስከ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ከዚህ ካነሰ አየር ላይ ይገለባበጣል። በጣም ከበዛ ደግሞ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። የክብደት ማዕከሉን ለማግኘት ሮኬቱን በገመድ አንጠልጥሎ ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ መፈለግ ይበቃል። የጀማሪ ስሕተት ይህን ያለ ሞተር መለካት ነው። ሞተሩ ጭራ ላይ ስለሚቀመጥ ማዕከሉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ያለ ሞተር ደህና የሚመስለው ሮኬት ሞተር ሲገባበት አደገኛ ይሆናል።

ክንፎቹ አየሩን መጠቀም የሚችሉት ፍጥነት ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ እስኪፈጥን ድረስ ማስወንጨፊያው ላይ ሽቅብ የቆመ ሐዲድ ይመራዋል። በሐዲዱ ጫፍ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 15 ሜትር አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው። አሥር ኪሎው ሮኬታችን 98 ኒውተን ይመዝናል፤ 850 ኒውተን የሚገፋው ሞተር ከክብደቱ ስምንት እጥፍ በላይ ነውና በሁለት ሜትር ሐዲድ ላይ 17 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል። ዝቅተኛው የደኅንነት ልክ ሦስት እጥፍ ነው፣ ልምድ ያላቸው አምስት እጥፍ ይመርጣሉ፤ እኛም ከአምስት በታች አንመክርም። ነፋስ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካለፈ ማስወንጨፍ ይቆማል። ሐዲዱም ከቀጥታው ከ20 ዲግሪ በላይ አይዘነብልም።

መውረድ

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከሦስት ሺህ ሜትር ላይ ትልቅ ፓራሹት ወዲያው ቢከፈት ሮኬቱ በሰከንድ ስድስት ሜትር እየወረደ 500 ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል። ነፋሱ በሰከንድ ስድስት ሜትር ቢሆን ሦስት ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ፓራሹት ባይኖረው ደግሞ እንደ ጦር ይመጣል። መፍትሔው ሁለት ፓራሹት ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሹ ይወጣል፤ ሮኬቱ ተጋድሞ በሰከንድ 25 ሜትር ይወርዳል። 250 ሜትር ሲቀረው ትልቁ ይከፈታል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 2,750 ሜትር ለ25 ሲካፈል 110 ሰከንድ፣ 250 ሜትር ለ6 ሲካፈል 42 ሰከንድ፣ ድምሩ 152 ሰከንድ። በዚያው ነፋስ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ይርቃል።

ይህን የሚያዝዘው አልቲሜትር ነው። ከፍታውን የሚያውቀው በአየር ግፊት ነው፤ ግፊቱ መቀነሱን ሲያቆም ጫፍ ደርሰናል ይልና ትንሽ የጥቁር ባሩድ ጥቅል ያቀጣጥላል። የባሩዱ ጋዝ የሮኬቱን ሁለት ክፍል ያለያይና ፓራሹቱን ይገፋዋል። አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋትና 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ክፍል ሁለት ግራም የማይሞላ ባሩድ ይበቃል። ልኩ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው መሬት ላይ ተሞክሮ ነው። ሳይሞከር የሚወጣ ሮኬት ዕድሉን ብቻ ይዞ ይወጣል። ከስድስት ሺህ ሜትር በላይ ለሚወጡት ሌላ ነገር አለ፦ አየሩ ስለሚሳሳ ባሩዱ ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ይበተናል፤ ስለዚህ ታሽጎ መታሰር አለበት።

የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚህ ነው። አልቲሜትሩ አየር የሚስብባቸው ቀዳዳዎች በቴፕ ወይም በአቧራ ከተደፈኑ ጫፍ መድረሱን አያውቅም። ባትሪው በጠንካራ ማሰሪያ ካልተያዘ በመነሻው ግፊት ይነቀላል። ሁለቱን ክፍሎች የያዙት ቀጫጭን የናይለን ቪቴዎች ካነሱ የትንሹ ፓራሹት ንቅናቄ ትልቁንም ያስወጣውና ሮኬቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሰደዳል። ሮኬቱ ገና በፍጥነት እየሄደ ፓራሹቱ ከወጣ ደግሞ ገመዱ የአካሉን ቱቦ እንደ ዚፐር ይቀደዋል። ፓራሹቱ ከባሩዱ የሚከላከለው፣ እሳት የማይበላው ጨርቅ ካልተጠቀለለበት ቀልጦ ይጣበቃል።

ከሁሉ የከፋው ምንም ሳይከፈት መምጣቱ ነው። አሥር ኪሎ ሮኬት በሰከንድ 150 ሜትር ሲወድቅ የሚይዘው ጉልበት 112,500 ጁል ነው፤ ሰው ጭኖ 600 ኪሎ የሆነ ባጃጅ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው፤ ያ ሁሉ በአንድ ሹል አፍንጫ ላይ ሆኖ። በዚያ ላይ ሞተሩ ጠፍቷልና ድምፁ ቀድሞ አያስጠነቅቅም።

የዕለቱ ሥርዓት

ጠዋት ይመዘገባሉ፣ የአባልነት ካርድ ይታያል፣ ለእያንዳንዱ በረራ ካርድ ይሞላል፦ የሮኬቱ ክብደትና ውፍረት፣ የሞተሩ ዓይነት፣ አወራረዱ፣ የመጀመሪያ በረራው መሆን አለመሆኑ። የደኅንነት ኃላፊው ሮኬቱን በእጁ ይመረምራል፤ ክንፉን ይነቀንቃል፣ ገመዱን ይጎትታል፣ ሁለቱ ማዕከሎች የት እንደሆኑ ይጠይቃል። አይሆንም ካለ ክርክር የለም።

ማስወንጨፊያው ጋ ቅደም ተከተሉ አይገለባበጥም። ሮኬቱ ሐዲዱ ላይ ይገባል፣ ይቆማል። ከቆመ በኋላ አልቲሜትሮቹ ይከፈታሉ፤ የሚያሰሙት ጢጥታ ቁጥር ባሩዶቹ መገናኘታቸውን ይናገራል። ማቀጣጠያው ሽቦ ወደ ሞተሩ የሚገባው የመጨረሻ ነው። አልቲሜትሩ በስሕተት ባሩዱን ቢያቀጣጥል እንኳ ሞተሩ እንዳይነሣ ነው እንዲህ የተደረገው። ሽቦው እስከ ነዳጁ የላይኛው ጫፍ መድረስ አለበት፤ ግማሽ መንገድ ከቀረ ሞተሩ ይጨሳል እንጂ አይነሣም። መቆንጠጫዎቹ ከመታሰራቸው በፊት እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ብልጭታ ካለ መስመሩ ኤሌክትሪክ አለው ማለት ነውና እጅ አይጠጋም።

ከዚያ ርቀት። ለኤች፣ አይ እና ጄ 30 ሜትር፣ ለኬ 61፣ ለኤል 91፣ ለኤም 152፣ ለኤን 305፣ ለኦ 457 ሜትር ዝቅተኛው ነው፤ ሮኬቱ ባለ ብዙ ሞተር ወይም በተራ የሚነሡ ብዙ ክፍሎች ያሉት ከሆነ ይጨምራል። ከአምስት ወደ ታች ይቆጠራል፣ ይተኮሳል። ካልተነሣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ማንም አይቀርብም፤ ውስጡ ቀስ ብሎ እየተያያዘ ሊሆን ይችላልና።

ተመልካች የሚጠበቅበት ጥቂት ነው፣ ግን የግድ ነው። ትልቅ ሮኬት ሲነሣ ከወንበር ተነሥቶ መቆም፣ ከድንኳን ጥላ ወጥቶ ሰማይ ማየት። "ወደ ላይ እዩ!" የሚል ጩኸት ከተሰማ ሮኬቱን ያየ ሰው በጣቱ ይጠቁማል፤ ሌላው ጣቱን ተከትሎ ያያል። ሳያዩ መሮጥ ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ ወደ ጎን መሸሽ። በፓራሹት የሚወርደውን ለመቀለብ መሞከር ክልክል ነው። ሞተር ባለበት አካባቢ አይጨስም።

የወደቀውን ለመፈለግ የሚሄዱት ሜዳው ክፍት መሆኑ ሲነገር ነው። በዓይን ሲከታተሉ ሮኬቱ የወረደበትን አቅጣጫ ከሩቅ ተራራ ጋር አጣጥሞ መያዝ ይጠቅማል፤ ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሰዎች መስመራቸውን ሲያገናኙ ቦታው ይገኛል። ጂፒኤስ መከታተያ ቢኖርም ይህን አለመተው ጥሩ ነው። ሮኬቱ ሲገኝ መጀመሪያ ፎቶ ይነሣል፣ ቀጥሎ ሁለቱም ባሩዶች መንደዳቸው ይታያል። ያልነደደ ካለ ፊትን ከቱቦው አፍ አርቆ አልቲሜትሩን ማጥፋት፤ ከዚያ ብቻ ማንሣት።

በረሃው ራሱ

ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። ለአንድ ሰው በቀን ከአራት እስከ አምስት ሊትር ውሃ መያዝ ያስፈልጋል፤ እዚያ ምንጭም ሱቅም የለም። የመኪና ነዳጅ በቅርብ ባለው መንደር በገርላክ ይሞላል። ነጩ አቧራ አልካሊ ስለሆነ ቆዳ ይሰነጥቃል፤ ማታ ማታ ውሃ በበዛበት ኮምጣጤ እጅና እግር መታጠብ ያለሰልሳል። ለሮኬቱም ጠላት ነውና ኤሌክትሮኒክሱ እስከ መጨረሻው ሰዓት በላስቲክ ይሸፈን። ዝናብ ከጣለ ያ ደረቅ ወለል ወዲያው ወደ ጭቃ ይለወጣል። ጅማ ክረምት ላይ ቀይ አፈር መንገድ የነዳ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እዚያ ግን ገፋ አድርጎ የሚያወጣ ሰፈርተኛ የለም። እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው መንገዱ። ቆሻሻ በሙሉ ተጭኖ ይመለሳል።

ከኢትዮጵያ የሚጓዝ ሞተርም ባሩድም ማቀጣጠያም ይዞ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው። ሞተሩ ማረጋገጫ ባለው ሰው ስም ከሻጭ ታዝዞ ሜዳው ላይ ይረከባል። ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ሲመለሱ ያገለገለ የሞተር ቀፎ በደንብ ካልታጠበ የኤርፖርት ፍተሻ ላይ ያስቆማል።

ጅማ ላይ ሆኖ ከወዲሁ

ይህን ዓይነቱን ሞተር ጅማ ላይ ማንሣት አይታሰብም፦ ኤርፖርት አለ፣ ሰው አለ፣ ደን አለ፣ የአቪዬሽንና የጸጥታ ፈቃድም ይጠይቃል። ባሩድ በቤት መቀመምም ጣትና ዓይን የሚያስከፍል ነገር ነው፤ እንዳትሞክሩት። ከሥራው ግን ትልቁ ክፍል ያለ እሳት ይሠራል።

ኦፕንሮኬት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ሁለቱን ማዕከሎች፣ ከፍታውን፣ በነፋስ የሚርቀውን ሁሉ ያሰላል። የመነሻውን ከፍታ በትክክል ሙሉበት፤ በጅማ 1,780 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ያው ፓራሹት በ9 በመቶ ይፈጥናል። አልቲሜትር ያገኘ ሰው በክዳን በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከቶ፣ በባሩዱ ፋንታ ትንንሽ አምፖል አስሮ፣ በትልቅ ሲሪንጅ አየሩን እየሳበ ሊፈትነው ይችላል። አየሩ ሲሳብ ሮኬቱ የወጣ ይመስለዋል፤ መሳቡ ቆሞ አየሩ መመለስ ሲጀምር የመጀመሪያው አምፖል፣ ወደ 250 ሜትር ሲቃረብ ሁለተኛው መብራት አለበት።

የውሃ ሮኬትም አለ። የሁለት ሊትር የለስላሳ ላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ግፊት መለኪያ ያለው የብስክሌት ፓምፕ፣ የካርቶን ክንፍ፣ ከፌስታል የተቆረጠ ፓራሹት። ግፊቱ ከአራት ባር አይለፍ፤ የተጫጫረ ወይም ፀሐይ የመታው ጠርሙስ አይደገም። አሥር ሜትር ርቆ በገመድ መልቀቅ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ። ማዕከሉን ለመፈተሽ ጠርሙሱን ባዶውን በክብደት ማዕከሉ ላይ በገመድ አስራችሁ በራሳችሁ ዙሪያ አሽከርክሩት፤ አፍንጫው ቀድሞ ከዞረ ይበራል፣ ጭራው ከቀደመ ወይም ከተገለባበጠ አፍንጫው ላይ ጭቃ ጨምሩበትና እንደገና ሞክሩ።